አቃጥሎ የሚያስታግሰው የበርበሬ ክሬም

የበርበሬ ክሬም ገዝቶ በአምስተኛው ቀን የተወ ሰው ሳታውቁ አትቀሩም። ምናልባትም ያ ሰው ራሳችሁ ናችሁ። ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ጉልበት ያማል፣ ክሬሙ ይቀባል፣ ያቃጥላል። በማግስቱም ይቀባል፣ አሁንም ያቃጥላል። ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!" ይባልና ቱቦው መሳቢያ ውስጥ ይወረወራል።

አይፈረድም። ክሬሙን የሸጠው ሰው "ሲያምህ ተቀባው" ብሎ ሸኝቶት ይሆናላ። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ይህ ክሬም እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲያም ብቻ የሚፈለግ መድኃኒት አይደለም። አሠራሩ ለየት ይላል። አሠራሩ ከገባን ለምን እንደሚያቃጥል፣ ለምን እንደሚዘገይ፣ የትኛውን ሕመም እንደሚያግዝና የትኛው ላይ ድካም ብቻ እንደሆነ ለመገመት አይከብድም።

ክሬሙ ከበርበሬ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካፕሳይሲን። ቃሪያ ስንገምጥ ምላሳችንን የሚለበልበን እሱ ነው። ብዙ ሰው ዘሩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። በብዛት የሚገኘው ግን ዘሩ በተያያዘበት ነጭ ገለፈት ላይ ነው። ጆን ትሬሽ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ለይቶ አወጣውና ስም ሰጠው። ንጹሕ ሲሆን ቀለምም ሽታም የለውም። ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ዘይትና አልኮል ውስጥ ግን ይሟሟል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ። ዓይኔ ላይ የደረሰውን ስነግራችሁ ታስፈልገናለች።

እሳት የሌለበት ቃጠሎ

ቆዳችን ውስጥ አደጋን የሚጠብቁ ቀጫጭን የነርቭ ጫፎች አሉ። ጫፎቹ ላይ በዓይን የማይታዩ በሮች ተገጥመዋል። ከበሮቹ አንዱን ሳይንቲስቶች ትሪፕ ቪ1 ይሉታል። ይህ በር የሚከፈተው ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲያልፍ ነው። ማለትም ሙቀቱ "ደስ ይላል" ከሚባለው አልፎ "ኧረ ተቃጠልኩ!" ወደሚያሰኘው ሲደርስ። በሩ ሲከፈት ነርቩ ለአንጎል "እሳት!" ብሎ ይልካል።

ካፕሳይሲን የዚህ በር ቁልፍ ሆኖ ተገኝቷል። ገብቶ ሲቀመጥበት በሩ በተለመደው የሰውነት ሙቀት ይከፈታል። እሳት የለም፤ መልእክቱ ግን ያው ነው። አንጎል ደግሞ የነርቩን ወሬ ሌላ ምስክር ጠርቶ የሚያጣራበት መንገድ የለውም፤ አምኖ ይቀበላል። ለዚህ ነው ክሬሙ "አሞቀኝ" ሳይሆን "አቃጠለኝ" የሚያሰኘው። ቆዳው የሚቀላው ደግሞ ነርቮቹ ሲደነግጡ የሚለቁት ኬሚካል በአካባቢው ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ነው።

በሩን እ.ኤ.አ. በ1997 ያገኘው የአሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ነው። ፍለጋው የተጀመረው ከዚሁ ከካፕሳይሲን ነበር። ጁሊየስ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ቃሪያ ለምን ያቃጥላል የሚለው ጥያቄ ኖቤል ድረስ ያደርሳል ብሎ ማን አሰበ? በነገራችን ላይ ወፎችም ይሄው በር አላቸው፤ ግን ካፕሳይሲን አይከፍተውም። ስለዚህ ያለ ምንም ችግር በርበሬውን ለቅመው ይበላሉ፣ ዘሩንም ይዘው ይሄዳሉ። ተክሉ የሚፈልገው እነሱን ነው እንጂ ዘሩን አኝኮ የሚፈጨውን እንስሳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። እስካሁን ያወራነው ስለ ማቃጠል ነው። ማስታገሱ ከየት መጣ?

በሩ ሲከፈት ካልሲየም ወደ ነርቩ ጫፍ ይጎርፋል። አንድ ጊዜ ከሆነ ነርቩ ይቋቋመዋል። በየዕለቱ ሦስት አራቴ ሲደጋገምበት ግን ይዝላል። የጮኸ ሰው ድምፁ እንደሚዘጋው ሁሉ የነርቩም ጫፍ ጩኸቱን መላክ ያቅተዋል። ሃንጋሪያዊው ሚክሎሽ ያንቾ በ1940ዎቹ ይህንን በእንስሳት ላይ አይቶታል። ካፕሳይሲን ደጋግመው ያገኙ እንስሳት በኋላ ሌላ የሚለበልብ ነገር ሲነካቸውም ግድ አልሰጣቸውም።

ቀደም ሲል የሚሰጠው ማብራሪያ "ሰብስታንስ ፒ የተባለውን የሕመም መልእክተኛ ያሟጥጠዋል" የሚል ነበር። አሁንም አንዳንድ ማሸጊያ ላይ ታገኙታላችሁ። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሽ ታሪክ ነው። ዛሬ የሚባለው የነርቩ ጫፍ ራሱ ለጊዜው ሥራ ያቆማል ነው። መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ ጫፉ ከቆዳው የላይኛው ክፍል እስከ መሸሽ ይደርሳል። ከዚያ ቀስ እያለ በሳምንታትና በወራት ተመልሶ ያድጋል። ነርቩ አልሞተም። ጫፉ ብቻ ነው ፈቃድ የወጣው።

እዚህ ጋ አምስተኛው ቀን ላይ የተወውን ሰው አስታውሱ። ሰውየው የክሬሙን ዋጋ ከፍሎ፣ ቃጠሎውንም ችሎ፣ ነርቩ ሊዝል ሲል ተወው። የከፋውን ክፍል ጨርሶ፣ ጥሩው ሊጀምር ሲል። እኔ ስለዚህ ክሬም አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው ይህንን ነው።

ስለዚህ ስንት ጊዜ?

ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡት ክሬሞች አብዛኛውን ጊዜ 0.025፣ 0.075 ወይም 0.1 በመቶ ካፕሳይሲን አላቸው። በስሱ ተቀብቶ በደንብ ታሽቶ እንዲገባ ይደረጋል፣ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ። ወፍራም አድርጎ መለቅለቅ ምንም አይጨምርም፤ ልብስ ያበላሻል፣ ልጅ ላይም ይነካካል።

ለመገጣጠሚያ ሕመም ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ለነርቭ ሕመም ከ2 እስከ 4 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ላይ እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ማቃጠሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታና እየቀለለ ይሄዳል። መቅለሉ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው። "ኃይሉ አለቀ" ማለት ሳይሆን ነርቩ ዛለ ማለት ነው። ሁለት ቀን ተቀብታችሁ ሦስት ቀን ብትዘሉ ግን ነርቩ ያገግምና ቃጠሎው እንደ አዲስ ይጀምራል። በቀን አንዴ ብቻ የሚቀባም ሰው ከዚህ አይተርፍም። ቃጠሎውን በየቀኑ ያየዋል፣ ጥቅሙን አያየውም።

ለየትኛው ሕመም?

የነርቭ ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙን ሲገልጽ ቃላቱ ለየት ይላሉ። "ይነደኛል"፣ "መርፌ መርፌ ይለኛል"፣ "ኤሌክትሪክ እንደያዘኝ ነው"። አልማዝ ባለጭራ ይዞት የዳነ ሰው ሽፍታው ከጠፋ ከወራት በኋላም ጎኑን የሸሚዙ ጨርቅ ሲነካው ሊዘል ይችላል። የቆየ ስኳር ያለበት ሰው ማታ እግሩን ከአንሶላው ውጭ አውጥቶ ይተኛል፤ አንሶላው ራሱ ያመዋልና። እዚህ ላይ የተበላሸው ነርቩ ነው። ምንም ሳይነካው ይጮኻል። ጯሂውን ዝም የሚያሰኝ ነገር ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም ሕመማቸው አንድ ቦታ ላይ ለተወሰነ፣ የሚዋጥ መድኃኒት ለማይፈልጉ ወይም ለማይስማማቸው ሰዎች ክሬሙን እንደ አማራጭ ያነሣዋል።

ሁለተኛው ጉልበት ነው። በዕድሜና በድካም የተሸረሸረ ጉልበት ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ ክሬሙ ዕድል አለው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 መመሪያው ለጉልበት ይቻላል ብሏል፤ ጠበቅ ያለ ምክር ግን አይደለም። ለእጅ ጣቶች ግን ባይሆን ይሻላል አለ። ምክንያቱ በቂ ማስረጃ አለመኖሩ ብቻ አይደለም። እጅ ዓይን ይነካል። ዳሌ ደግሞ ጥልቅ ውስጥ ነው፤ ከላይ የተቀባ ክሬም እዚያ ይደርሳል ብላችሁ አትድከሙ።

ጡንቻስ? ብዙ ሰው ክሬሙን የሚገዛው ለጡንቻ ነው፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ቆጠብ እላለሁ። ቅዳሜ ኳስ ተጫውቶ እሑድ ደረጃ መውረድ ያቃተው ሰው ሕመሙ በሦስት በአራት ቀን በራሱ ይለቀዋል። ክሬሙ ሥራውን ገና ሳይጀምር። ታዲያ "ተሻለኝ" የሚሉት ሰዎች ዋሹ? አይደለም። ጉልበታችን ከጠረጴዛ ጋር ሲጋጭ ወዲያው እናሸዋለን፣ ትንሽም ቀለል ይለናል። አዲስ ስሜት የቆየውን ስሜት ለጊዜው ይጋርደዋል። የክሬሙ ቃጠሎም የጡንቻውን ሕመም እንደዚያ ይጋርደዋል። ለአንድ ምሽት ይህም ጥቅም ነው፤ ነርቭ ማዛል ግን አይደለም። ለወራት የቆየ የወገብ ሕመም ላይ ካፕሳይሲን ያለበት ፕላስተር መጠነኛ እፎይታ እንደሰጠ ያሳዩ ጥናቶች ግን አሉ።

ጥናቶቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። መድኃኒት ሲፈተን ግማሹ ሰው እውነተኛውን፣ ግማሹ አስመሳዩን ይወስዳል፤ ማን የቱን እንደወሰደ ማንም ማወቅ የለበትም። የበርበሬ ክሬም ላይ ይህ እንዴት ይሆናል? የተቃጠለው ሰው እውነተኛው እንደደረሰው ወዲያው ያውቃል። ካወቀ ደግሞ የመሻል ተስፋው ራሱ ሕመሙን ሊያቀልለት ይችላል። ስለዚህ በደካማዎቹ ክሬሞች ላይ የወጡ ውጤቶችን ስታነቡ ትንሽ ቆንጠር አድርጋችሁ ውሰዱ።

ጠንካራው ፓች

ለነርቭ ሕመም ብቻ የሚሠራ ሌላ መልክ አለው፤ 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለበት ፓች፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር። ከ0.075 በመቶው ክሬም ጋር ሲነጻጸር ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር ሕመም፣ በ2020 ደግሞ በስኳር ምክንያት ለሚመጣ የእግር የነርቭ ሕመም ፈቅዶታል።

ይህ ቤት ውስጥ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። የጤና ባለሙያ ናይትራይል ጓንት አድርጎ ይለጥፈዋል፤ የተለመደው የላቴክስ ጓንት አይከላከልም። እግር ላይ ለ30 ደቂቃ፣ ለአልማዝ ባለጭራ ለ60 ደቂቃ ይቆይና ይነሣል። ከመለጠፉ በፊት ቦታው የሚያደነዝዝ ቅባት ሊደረግበት ይችላል። ሕመሙ ሲበረታ ደም ግፊት ለጊዜው ከፍ ሊል ስለሚችል እሱም ይለካል። ከዚያ ለ3 ወር ድገም የሚል የለም። በቀን አራቴ ከመለቅለቅ አንዴ ጥርስ ነክሶ መገላገል የሚመርጥ ሰው ይመቸዋል።

ጥናቶቹም እዚህ ላይ ጠንከር ይላሉ። አስመሳዩ ፓች ራሱ ትንሽ ካፕሳይሲን ተደርጎበት ስለሚያቃጥል ማን የቱን እንደወሰደ መለየት ከባድ ነው። ያም ሆኖ ተአምር አትጠብቁ። በደፈናው ከአስር ሰው አንዱ ያህል ነው በፓቹ ምክንያት ብቻ ጥሩ እፎይታ የሚያገኘው። ትንሽ ይመስላል። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶችም ግን ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ እነሱ ላይ ደግሞ እንቅልፍና ማዞር ይጨመርበታል። ያ አንዱ ሰው የሆነ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል፤ ለእሱ ቁጥሩ ትንሽ አይደለም።

ዓይኔ ላይ የደረሰው

ትከሻዬን ተቀብቼ እጄን ታጠብኩ። በውኃ ብቻ። ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን እሽት አደረግኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ ደቂቃ ቧንቧ ሥር ተደፍቼ አሳለፍኩት። አንድ ዓይን ብቻ ያለቀስኩበት ቀን እሱ ነው።

ካፕሳይሲን ውኃ ውስጥ አይሟሟም ብዬ አልነበር? ውኃ ብቻውን ጣቴ ላይ ያለውን አላነሣውም። ከተቀቡ በኋላ እጅን በሳሙና፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር፣ ሁለት ጊዜ መታጠብ ያስፈልጋል። ከዚያም ቢሻል በሚጣል ጓንት መቀባት። ሳይፈለግ ቆዳ ላይ የነካ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ የምግብ ዘይት አሽቶ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙና ማጠብ። ዓይን ውስጥ ግን ዘይት የለም! ዓይን የሚታጠበው በብዙ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ካልተሻለ ወደ ሕክምና መሄድ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከመቀባታችሁ በፊት አድርጉት። ጣታችሁን ለማከም ከሆነ ደግሞ ለ30 ደቂቃ ያህል አቆይታችሁ ታጠቡት፤ በእነዚያ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ፊታችሁ የእናንተ እንዳልሆነ ቁጠሩት።

ሌላው ሰው የሚሸወድበት ነገር ሙቀት ነው። ካፕሳይሲን የነካው በር በትንሽ ሙቀት ይከፈታል። ጠዋት ተቀብቶ የረሳ ሰው ማታ ሙቅ ሻወር ሲገባ እንደ አዲስ የሚለበለበው ለዚህ ነው። ላብም ያው ነው። ሻወሩን ከመቀባት በፊት አድርጉ፤ ቆዳው ደርቆና ቀዝቅዞ ይሁን። የተቀባውን ቦታ በፋሻ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክ ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መደረብ ፈጽሞ አይሞከርም።

ማቃጠል ይጠበቃል። ውኃ መቋጠር፣ መላጥና ማበጥ ግን አይጠበቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለ ጡንቻና መገጣጠሚያ ቅባቶች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በጥቂት ሰዎች ላይ እውነተኛ የኬሚካል ቃጠሎ ደርሶ ነበርና። ከባድ ጉዳት ያደረሱት በአብዛኛው ከፍ ያለ ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ ጀርባውን አንብቡ። "የሚያሞቅ ቅባት" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ በርበሬ የለውም። ሜንቶል ብርድን የሚጠብቀውን ሌላ በር ነው የሚያታልለው፤ ስለዚህም ይቀዘቅዛል። ስለ ነርቭ መዛል ያወራሁት ሁሉ እሱን አይመለከተውም።

"ታዲያ ቤት ውስጥ በርበሬ በዘይት በጥብጬ ብቀባስ?" የሚል አይጠፋም። ተዉት። የአንዱ በርበሬ ካፕሳይሲን ከሌላው በብዙ እጥፍ ይለያያል። 0.075 በመቶ የሚለውን ቁጥር በማንኪያ አትለኩትም።

የተላጠ፣ የቆሰለ ወይም የተቆጣ ቆዳ ላይ አይቀባም። የአልማዝ ባለጭራው ሽፍታ ደርቆ እስኪድን መጠበቅ አለበት። ስኳር ኖሮባችሁ እግራችሁ የደነዘዘ ከሆነ ቁስል ቢኖር እንኳ ላይሰማችሁ ስለሚችል ሐኪም ሳያየው አትጀምሩ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ትጠይቅ፤ ለልጆች በራስ ውሳኔ አይቀባም። የደረቀው ክሬም ብናኝ ሲተነፈስ ሊያስልም ይችላል። ስማቸው በ"ፕሪል" የሚያልቅ የደም ግፊት መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች ሳሉ ሊብስባቸው ስለሚችል ልብ ይበሉ።

ደግሞ ክሬም የማይጠብቅ ሕመም አለ። ደረት ላይ ወይም ከደረት ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም፣ ሽንት መቆጣጠር ያሳጣ ወይም እግር ያሰነፈ የወገብ ሕመም፣ ድንገት ያበጠና የቀላ ባት፣ ትኩሳት ያለበት የመገጣጠሚያ እብጠት። እነዚህ ላይ ቱቦ አትፈልጉ፤ ሕክምና ሂዱ።

መሳቢያ ውስጥ የወረወራችሁት ካለ አሁን አውጡት። መጀመሪያ ጊዜው አለማለፉን እዩ፣ ቀጥሎ ካፕሳይሲኑ ስንት በመቶ እንደሆነ። ከዚያ ነገ ጠዋት፣ ሻወር ወስዳችሁ ሰውነታችሁ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩት። ቆዳችሁ ከቻለው ስልካችሁ ላይ ሁለት ቀን ምልክት አድርጉ፤ አንዱን ከ2 ሳምንት በኋላ፣ ሌላውን ከ6 ሳምንት በኋላ። በመጀመሪያው ቀን ለውጥ የለም ብላችሁ አትጣሉት። በሁለተኛውም ለውጥ ከሌለ ግን ለእናንተ አልሆነም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጣሉት።